የጎማ ንፋስ መብራት አልጠፋ ሲል

እህቴ፣ ጥያቄሽን አሳጥሬ ልድገመውና ወደ መልሱ ልግባ። ከአሜሪካ የገባ የ2015 ሞዴል (እዚህ የምጠቅሳቸው የሞዴል ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ቶዮታ ራቭፎር አለሽ። ሁለት ጎማ ካስቀየርሽ በኋላ ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የጎማ ንፋስ ማስጠንቀቂያ መብራት በራብሽ፤ አራቱንም 32 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው) አስሞልተሽ ብትነጂም አልጠፋም። አንዱ ባለሙያ «የባትሪውን ገመድ ፈትተሽ መልሺው» አለሽ፣ ሌላው «ሴንሰር (ጎማው ውስጥ ያለው ንፋስ ለኪ) ይቀየር» አለሽ። ገንዘብ ከማውጣትሽ በፊት መብራቱ ራሱ የሚናገረው ነገር ስላለ ከእሱ እንነሳ።

ነገ ጠዋት መኪናዋ አድራ ሳትንቀሳቀስ፣ ሞተር ሳታስነሺ ቁልፉን ኦን ላይ አድርጊና ሁለት ደቂቃ ያህል ያንን መብራት ብቻ ተመልከቺ። ለጥቂት ሰኮንድ በርቶ ከጠፋ ደህና ነው፤ ያ የአምፖል ፍተሻ ነው። ሳይርገበገብ በርቶ ከቀረ የአንዱ ወይም የብዙዎቹ ጎማ ንፋስ መኪናዋ ከያዘችው ልክ በታች ወርዷል። አንድ ደቂቃ ያህል ብልጭ ድርግም ብሎ ከዚያ በርቶ ከቀረ ግን ነገሩ የንፋስ አይደለም፤ ኮምፒውተሩ ከአንዱ ሴንሰር ምልክት አልደረሰውም ማለት ነው። ጋራዥ ለጋራዥ መንከራተቱ የሚመጣው እነዚህን ሁለቱን ሳይለዩ በመጀመር ነው። በተበላሸ ሴንሰር ላይ መቶ ጊዜ ንፋስ ቢሞላ መብራቱ አይጠፋም፤ ንፋስ በጎደለው ጎማ ላይ ደግሞ አዲስ ሴንሰር ቢገጠም ገንዘቡ በከንቱ ነው።

ሳይርገበገብ የሚበራ ከሆነ መጀመሪያ ንፋሱን በቀዝቃዛ ጎማ አስተካክዪ። ቀዝቃዛ የሚባለው ቢያንስ ሦስት ሰዓት የቆመ፣ ወይም ከ1.5 ኪሎ ሜትር በላይ ያልተነዳ ጎማ ነው። ከቤትሽ ተነስተሽ፣ በመጨናነቁ ውስጥ አልፈሽ ጎሚስታ ዘንድ ስትደርሺ ጎማው ሞቋል፤ ሙቀቱ ብቻ 3 ወይም 4 ፒኤስአይ ይጨምርለታል። ስለዚህ ሞቆ ሳለ 32 የተሞላው በማግስቱ ጠዋት 28 ወይም 29 ሆኖ ይገኛል። የአንቺም ችግር ይኸው ሊሆን ይችላል። ሞቆ ሳለ መሙላት ግድ ከሆነብሽ ከልኩ 3 ወይም 4 ጨምረሽ አስሞዪና በማግስቱ ጠዋት ለክተሽ ትርፉን አስተንፍሺ። ሞቆ ከፍ ያለ ንፋስ ስታዪ ግን እዚያው እንዳታስተነፍሺ።

ልኩን ጎሚስታው አይወስንልሽም። የሾፌሩን በር ስትከፍቺ ምሰሶው ላይ የተለጠፈው ወረቀት ላይ የፊቱና የኋላው ለየብቻ ተጽፏል። 230 ኪሎ ፓስካል ወይም 2.3 ባር የሚል ከሆነ 33 ፒኤስአይ ነው፤ 220 ከሆነ 32። ጎማው ጎን ላይ የተቀረጸው ትልቅ ቁጥር ጎማው ሊሸከም የሚችለው ከፍተኛው ግፊት ነው፤ በእሱ የሚሞላ ሰው የጎማውን መሐል ቶሎ ያስበላል፣ ፍሬንም ያዳክማል። የየኮምፕረሰሩ መለኪያ ስለሚለያይ የራስሽ ትንሽ መለኪያ መኪናው ውስጥ ይኑርሽ።

አሁን የንፋሱን ልክ ወደሚያስመዘግበው ትንሽ ቁልፍ እንሂድ። በዚያ ዘመን ቶዮታዎች ላይ ከመሪው በታች በጉልበትሽ በኩል፣ በአንዳንዶቹ ደግሞ ከተሳፋሪው ፊት ባለው የዕቃ ሳጥን ውስጥ፣ የጎማ ምልክትና ኤስ-ኢ-ቲ የሚሉ ፊደሎች ያሉበት ትንሽ ቁልፍ አለ። መኪናዋ ቆማ፣ አራቱ ጎማዎች በቀዝቃዛው ልካቸው ተሞልተው፣ የሞተሩን ቁልፍ ኦን ላይ አድርጊ። ያንን ትንሽ ቁልፍ ተጭነሽ ያዢ፤ መብራቱ ቀስ እያለ ሦስት ጊዜ ብልጭ እስኪል ድረስ አትልቀቂ። ነካ አድርገሽ ከለቀቅሽው ምንም አይመዘገብም። ሦስቱን ካየሽ በኋላ ኦን ላይ እንዳለች ጥቂት ደቂቃ ቆዪና አጥፊ፣ ከዚያ እንደልማድሽ ንጂ። ከ2019 ወዲህ በመጡት ብዙ ቶዮታዎች ላይ ቁልፉ ቀርቶ በመሪው አዝራሮች ዳሽቦርዱ ላይ ባለው ስክሪን፣ ከመኪናው ማስተካከያዎች ውስጥ የጎማውን ክፍል ከፍተሽ ነው የምታዢው፤ ሦስቱ ብልጭታ ግን እዚያም ያው ነው።

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዚህ ነው። ያ ቁልፍ መብራት ማጥፊያ አይደለም። ተጭነሽ ስትይዢው ለመኪናዋ የምትነግሪያት «አሁን ያለው ንፋስ ትክክለኛው ነው፣ ከዚህ ተነስተሽ ቁጠሪ» ብለሽ ነው። አንዱ ጎማ ተንፍሶ 24 ላይ ሳለ ብትጫኚው መብራቱ እሺ ብሎ ይጠፋል፤ ከዚያ በኋላ የሚበራው 18 አካባቢ ሲደርስ ነው። በ18 የሚሮጥ ጎማ ጎኑ እየታጠፈ ይሞቃል፣ ውስጡ ይላላል፣ በፈጣን መንገድ ላይ ይፈነዳል። የአሜሪካ ሕግ ከ2008 ሞዴል ጀምሮ ይህን መብራት በቀላል መኪናዎች ሁሉ ላይ ያስገደደው ንፋስ በጎደላቸው ጎማዎች ከደረሱ ከባድ አደጋዎች በኋላ ነው። ሕጉ የሚጠይቀውም ንፋሱ ከልኩ 25 በመቶ ሲጎድል እንዲበራ ነው፤ 33 ለሚወስድ ጎማ 25 አካባቢ ማለት ነው። መብራቱ ሲበራ ጎማው ብዙ ጎድሎበታል እንጂ ገና እየጀመረ አይደለም። ስለዚህ በወር አንድ ጊዜ በመለኪያ ማየቱ አይቅር፤ ጤነኛ ጎማም በወር 1 ፒኤስአይ ገደማ ያጣል።

ሞልተሽ ካስመዘገብሽ በኋላ በቀናት ውስጥ ተመልሶ ከበራ የሚያስተነፍስ ጎማ አለ። የሳሙና ውሃ አረፋ አድርገሽ በቫልቩ (በንፋስ መሙያው) አፍ፣ በቫልቩ ሥር፣ ጎማው ከቸርኬው ጋር በሚገናኝበት ዙሪያና በጥርሱ ላይ ቀቢ፤ አረፋ የሚነፋበት ቦታ ነው። አዲስ ጎማ ከተገጠመ በኋላ ብዙውን ጊዜ የሚያስተነፍሰው የቸርኬው ከንፈር ላይ ዝገቱና የድሮው ጎማ ቅሪት ሳይጸዳ ስለተገጠመ ነው።

ለአዲስ አበባ ነጂዎች ሌላም ነገር አለ። ጎማ ውስጥ ያለው ሴንሰር የሚለካው ሙሉውን ግፊት ነው፤ የውጭውን አየር ግፊት ቀንሶ ነው እኛ የምናውቀውን ቁጥር የሚሰጠው። በባሕር ጠለል ላይ የውጭው ግፊት 14.7 ፒኤስአይ ሲሆን አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ግን 11 ገደማ ብቻ ነው። ከፍታውን የማያስተካክል መኪና ሁልጊዜ 14.7 ይቀንሳል፤ ስለዚህ የእጅ መለኪያው 33 ሲያነብ ስክሪኑ 29 ወይም 30 ይላል። ያኔ «ስክሪኑ 33 እስኪል» ብሎ የሚሞላ ሰው ጎማውን 36 አልፎ ወስዶታል። የሚታመነው የእጅ መለኪያው ነው። የጎማው ልክ በቆላ ተመዝግቦለት የመጣ መኪና እዚህ መብራቱ ቶሎ ቶሎ የሚበራውም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ እዚሁ በቀዝቃዛ ጎማ ሞልቶ እንደገና ማስመዝገብ ያስፈልጋል።

ሙቀቱም በዚያ ላይ ይጨመራል። በ5 ወይም 6 ዲግሪ ልዩነት 1 ፒኤስአይ ይወጣል ወይም ይወርዳል። ሰመራ ላይ በቀትር ሐሩር 33 የተሞላ ጎማ አዲስ አበባ አድሮ በህዳር ብርድ ማለዳ ሲለካ፣ ብርዱ ከሚያወርደው ከፊሉን ከፍታው ስለሚመልሰው፣ በእጅ መለኪያ 31 አካባቢ ይሆናል፤ ከፍታ የማያስተካክል ስክሪን ግን 27 ወይም 28 ይላል። ጎማው አላስተነፈሰም፤ መሙላት ያለብሽም የጎደለውን 2 ብቻ ነው። ህዳርና ታህሳስ ላይ ጠዋት በርቶ ቀን የሚጠፋ መብራት ከጫፍ ላይ ያለ ጎማ ምልክት ስለሆነ በማለዳ ለክተሽ ሙዪ።

አሁን ብልጭ ድርግም የሚለውን እንይ። የአንቺ መኪና ጎማ ከተቀየረ በኋላ ስለጀመረው ወደዚህ እጠረጥራለሁ። ሴንሰሩ ከቫልቩ ጋር ተያይዞ ቸርኬው ውስጥ የተቀመጠ ትንሽ ፕላስቲክ ነው። ጎማው ከቸርኬው ሲላቀቅ የማላቀቂያው ክንድ በቫልቩ በኩል ከተጫነ ወይም የማውጫው ብረት እዚያ ከገባ ሴንሰሩ ይሰበራል። ጎሚስታው መጀመር ያለበት ከቫልቩ ተቃራኒ ጎን ነው፤ ከመጀመሩ በፊት «ሴንሰር አለው» ብለሽ ንገሪው። አንዳንዱ ደግሞ ሴንሰሩን አውጥቶ ተራ ቫልቭ ይገጥማል፣ የሚያስተነፍስ ቸርኬ ሲያጋጥመውም ካላማዳሪያ (ከውስጥ የሚገባ ንፋስ መያዣ ጎማ) ይከታል፤ ካላማዳሪያ ከገባ ሴንሰሩ ቦታ የለውም። የተቀየሩትን የሁለቱን ጎማዎች ቫልቭ አይተሽ ከሌሎቹ ሁለቱ ጋር አወዳድሪ፤ ከተለየ መልሱን አገኘሽ።

ሴንሰሩ ካልተሰበረ የቀረው የራሱ የሴንሰሩ ባትሪ ነው። በውስጡ በሙጫ የታሸገ የሊትየም ባትሪ አለው፣ ከ5 እስከ 10 ዓመት ይሠራል፣ ብቻውን አይቀየርም። በ2015 መኪና ላይ ከፋብሪካው የመጣው ሴንሰር ከሆነ ጊዜው አልፏል፤ አራቱም በአንድ ዕድሜ ስለሆኑ አንዱ ከሞተ ሌሎቹ ይከተላሉ። ጎማ በምትቀይሪበት ቀን አራቱንም አንድ ላይ ማስቀየር የማውለቂያውን ዋጋ ደጋግሞ ከመክፈል ያድናል። ከመግዛትሽ በፊት ግን የጎማ ሴንሰር የሚያነብ መሣሪያ ያለው ባለሙያ በየጎማው አጠገብ ይዞ ይቀስቅሳቸው፤ የትኛው እንደማይመልስና የባትሪው ሁኔታ ያኔ ይታወቃል። ተራ ስካነር ለዚህ አይበቃም።

ስትገዢ ሴንሰሩ ምልክት የሚልክበትን የሬዲዮ ሞገድ እዪ። የአሜሪካ ገበያ ቶዮታ 315 ሜጋኸርትዝ ነው፤ የአውሮፓውና የቻይናው ብዙውን ጊዜ 433። የማይመሳሰል ከተገጠመ ሴንሰሩ ጤነኛ ሆኖ ሳለ መኪናዋ ፈጽሞ አትሰማውም። ከገጠምሽም በኋላ እያንዳንዱ ሴንሰር የራሱ መለያ ቁጥር ስላለው በኮምፒውተሩ ውስጥ በመሣሪያ መመዝገብ አለበት፤ ከመሪው በታች ያለው ቁልፍ ይህን አያደርግም፣ ልኩን ብቻ ነው የሚመዘግበው። የድሮውን ቁጥር ገልብጦ የሚጻፍበት ሴንሰር ካገኘሽ ምዝገባውን ትገላገያለሽ፤ ለዚያ ግን የድሮው ሴንሰር ገና የሚነበብ መሆን አለበት። የብረት ቫልቭ ከሆነ ውስጡ የሚገባው መርፌ ኒኬል የተቀባ ይሁን፤ ቢጫው ነሐስ ከአሉሚኒየሙ ጋር ተጣብቆ ይዝጋል፣ ሲፈታ ቫልቩን ይዞ ይወጣል። ክዳኑም በዚሁ ምክንያት ፕላስቲክ ይሁን። ጎማ ውስጥ የሚረጨው መድፈኛ ፈሳሽ ደግሞ የሴንሰሩን ቀዳዳ ሊዘጋው ስለሚችል ሌላ መውጫ ሲጠፋ ብቻ ነው።

የመኪናዋን ባትሪ መፍታት እዚህ ምንም አይጠቅምም። መለያ ቁጥሮቹና ልኩ ኮምፒውተሩ ውስጥ ተቀምጠው ይቆያሉ፤ የሚጠፋብሽ የሬዲዮው ጣቢያና የመስኮቱ ማስተካከያ ነው። ሴንሰሩን ነቅሎ መብራቱን መሸፈንም አለ፤ እባክሽ ማንም ቢመክርሽ አትስሚ፣ በፈጣን መንገድ ላይ የሚያስጠነቅቅሽ ሌላ ነገር የለም።

ሌላ መኪና ላላችሁ በአጭሩ፦ ብዙ ሆንዳዎችና ፎልክስዋገኖች ጎማ ውስጥ ሴንሰር የላቸውም፤ ንፋስ የጎደለው ጎማ ዙሪያው ስለሚያንስ ቶሎ ቶሎ መሽከርከሩን በፍሬኑ ሴንሰር ያውቃሉ። እነዚህን ንፋስ ከተስተካከለ ወይም ጎማ ከተቀየረ በኋላ ከስክሪኑ ወይም ከቁልፉ ሁልጊዜ ማስመዝገብ ግድ ነው። ሆንዳ ከዚያ በኋላ ከ48 እስከ 105 ኪሎ ሜትር በሰዓት ባለው ፍጥነት በድምሩ 30 ደቂቃ መነዳት ይፈልጋል፤ በከተማው መጨናነቅ ውስጥ ስለማይሞላ የአዳማውን ፈጣን መንገድ ተጠቀሙ። አራቱም እኩል ሲጎድሉ ላያውቁ ስለሚችሉ መለኪያው አይለያችሁ። በብዙ አዳዲስ ኒሳኖች ቁልፉን ኦን አድርጋችሁ ስትሞሉ ልኩ ሲደርስ ጥሩንባው ይነግራችኋል። የኤሌክትሪክ መኪና የያዛችሁ ደግሞ «32 አድርግልኝ» የሚለውን ልማድ ተዉት፤ ባትሪው ከባድ ስለሆነ ወረቀቱ ላይ ያለው ብዙ ጊዜ 36 እና ከዚያ በላይ ነው።

እህቴ፣ ጠዋት መብራቱ ብልጭ ድርግም ብሎ እንደሆነና እንዳልሆነ፣ የአራቱን ጎማ ቀዝቃዛ ልክ፣ የተቀየሩት የሁለቱ ጎማዎች ቫልቭ ከላስቲክ የተሠራ ይሁን ከብረት ጻፊልኝ። ሴንሰር የሚያስፈልግ ከሆነ የትኛውን ሞገድና ስንት እንደምትገዢ ከዚያ ተነስቼ እነግርሻለሁ።