ከእርሳስ ነፃ የሆነና ከድምፅ ፍጥነት በታች የሚበር ጥይት፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ካሊፎርኒያ ባለው የግጦሽ መሬታችን የመሬት ስኩዊረል (ጉድጓድ የሚቆፍር ትንሽ ሽኮኮ መሰል እንስሳ) እየቦረቦረ አስቸግሮናል። ለባለ 22 ካሊበር ጠመንጃችን ከእርሳስ ነፃ የሆነ ጥይት የግድ ነውን?

መልስ፦ የግድ ነው። በ2013 የጸደቀው የግዛቲቱ ሕግ ከጁላይ 1 ቀን 2019 ጀምሮ ማንኛውም የዱር እንስሳ፣ ተባይ ቢሆንም እንኳ፣ በእርሳስ ጥይት እንዳይመታ ይከለክላል። በእርሳስ ተመትቶ ሜዳ ላይ የቀረውን ሬሳ የካሊፎርኒያ ኮንዶር የተባለው ትልቅ አሞራ ይበላዋል፤ በ1982 የቀሩት ኮንዶሮች 22 ብቻ ነበሩ፣ ዛሬም በዱር ዋነኛ ገዳያቸው የእርሳስ መመረዝ ነው።

ጥያቄ፦ በእርሳስ ምትክ የሚሠራበት መዳብ የሚቀል ከሆነ ፍጥነት ጨምሮ ማካካስ አይቻልምን?

መልስ፦ ዋናው ጥያቄ ይህ ነው። አይቻልም፤ ከድምፅ ፍጥነት ያለፈ ጥይት በአየር ላይ ስለሚጮህ፣ ጸጥ ላለ ጥይት ጣሪያው የድምፅ ፍጥነት ነውና። እርሱም በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ በሰከንድ 343 ሜትር፣ በ0 ዲግሪ ደግሞ 331 ሜትር ስለሆነ፣ በሞቃት ቀን ጸጥ ብሎ የሄደ ጥይት በብርዳማ ጠዋት ሊጮህ ይችላል። የተለመደው 2.6 ግራም የእርሳስ አረር በሰከንድ 320 ሜትር ሲበር 133 ጁል ገደማ ጉልበት ሲኖረው፣ በዚያው ፍጥነት የሚበር 1.9 ግራም የመዳብ አረር ግን 97 ጁል ብቻ ይኖረዋል። ክብደቱን ለማስተካከል አረሩን ብናስረዝመው፣ የመዳብ እፍግታ በኪዩቢክ ሴንቲሜትር 8.96 ግራም፣ የእርሳስ 11.34 በመሆኑ ርዝመቱ ከሩብ በላይ ይጨምራል፤ በ16 ኢንች አንድ ዙር የሚያሽከረክረው የተለመደው አፈሙዝም ረጅሙን አረር ለማጽናት ይቸገራል። እኔ በ50 ሜትር ስሞክር ወረቀቱ ላይ ያገኘሁት ክብ ቀዳዳ ሳይሆን የአረሩ ጎን የታተመበት ሞላላ ቀዳዳ ነበር። ሁለተኛው ችግር የመዳብ አረር በዚህ ፍጥነት ሲመታ አፍንጫው በቀላሉ ተከፍቶ አለመስፋቱ ነው፤ ከእርጥብ ወረቀት ጥቅል ውስጥ ያወጣሁት አረር አፍንጫው እንኳ አልተበገረም። እንዲህ ያለው አረር እንስሳውን አቁስሎ ጉድጓዱ ውስጥ ያሠቃየዋል፤ ይህን ልንቀበለው አይገባም። ስለዚህ አፍንጫው በጥልቀት የተቦረቦረ አረር ይምረጡ፣ ርቀቱንም ያሳጥሩ። ጠንካራ አረር ከድንጋይ ላይ ስለሚነጥር፣ ከዒላማው በስተጀርባ የአፈር ቁልል ሳያዩ አይተኩሱ።

ጥያቄ፦ የትኛው ጥይት ይሻላል?

መልስ፦ ለየትኛው ጠመንጃ፣ በምን ያህል ርቀት? ይህ ሳይገለጽ መልስ የለውም።

ጥያቄ፦ የድምፅ ማፈኛስ?

መልስ፦ በካሊፎርኒያ ለግለሰቦች የተከለከለ ነው።

አንድ ተሳታፊ፦ አባቶቻችን ዕድሜ ልካቸውን በእርሳስ አድነው ምን ሆኑ?

ሌላ ተሳታፊ፦ ወንድሜ፣ ስለ አባቶቻችን ማን ጠየቀ? ጉዳዩ ሬሳውን የሚበላው አሞራ ነው። ይልቅ ቆርቆሮ ከመዳብ ስለሚለሰልስ ይሻላል።

መልስ፦ ልስላሴው እውነት ነው፤ ነገር ግን የቆርቆሮ እፍግታ 7.3 ብቻ ስለሆነ የክብደቱ ችግር ይብሳል። ወደ ጉዳያችን እንመለስ።

ጥያቄ፦ የተተኮሰውን ቀለህ ቤት ውስጥ ዳግም ሞልቶ ጥይት መሥራት ይቻላልን?

መልስ፦ የባለ 22ን አይሞክሩ። መቀጣጠያው በቀለሁ ጠርዝ ውስጥ ነው፤ እጅና ዓይን ያሳጣል።

ጥያቄ፦ ፍጥነቱን ትንሽ ብንጨምረውስ?

መልስ፦ ከላይ በዝርዝር መልሻለሁ፤ እባክዎ ያንብቡት። ከዚያም የገዙትን ጥይት በራስዎ ጠመንጃ ወረቀት ላይ ይሞክሩ፣ ቀዳዳው ክብ መሆኑን ይመልከቱ፤ ከወረቀቱም በስተጀርባ የአፈር ቁልል ይኑር።