የፍሪጁን ባትሪ ከሎጅ ሶኬት መሙላት

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የቱሪስት መኪና ሹፌር ነኝ። የምይዘው ላንድክሩዘር ከኋላ ፍሪጅ አለው፤ ለእሱም 100 አምፒር ሰዓት የሚይዝ ሁለተኛ ባትሪ ተገጥሞለታል። መንገድ ላይ እስካለን ድረስ ችግር የለም። ላንጋኖ ድንኳን ተክለን ሦስት ቀን ስንቀመጥ ግን በሁለተኛው ቀን ንጋት ላይ ፍሪጁ ይጠፋል፤ የእንግዶቹ ሥጋና ወተት ይበላሻል። ስለዚህ ከጋራዥ ያገኘሁትን አሮጌ ቻርጀር ሎጁ ሶኬት ላይ ሰክቼ፣ ሲሞላ እንዲያድር አደርግ ነበር። ባትሪው ዓመት ሳይሞላው ጎኑ ተነፍቶ ሞተ። ጓደኞቼ «ሶኬቱን ተወው፣ ማታ ማታ ሞተሩን አንድ ሰዓት አስነሣ» ይሉኛል። አዲስ ልገዛ ነው። ይኼኛውንም እንዳልገድለው ምን ላድርግ? (ከአዳማ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሶኬቱ ምንም አላጠፋም። ባትሪህን የገደለው ማቆም የማያውቀው ቻርጀር ነው። የጋራዥ አሮጌ ቻርጀር ሰው አጠገቡ ቆሞ ለሁለትና ለሦስት ሰዓት እንዲሠራበት የተሠራ ነው። ባትሪው ሲሞላም መግፋቱን አይተውም። ቮልቱ ከ15 ያልፋል፣ አሲዱ ይፈላል፣ ውሃው ወደ ጋዝ ይለወጣል። ያንተ ዝግ ባትሪ ስለሆነ ጋዙ መውጫ አጥቶ ጎኑን ነፋው።

ይህን በአጋጣሚ አላወቅሁትም። ጋራዥ ከመክፈቴ በፊት እኔም እንዳንተ መኪና ይዤ እዞር ነበር። ዲንሾ ላይ፣ በዚያ ብርድ፣ እንዲሁ ሰክቼ ተኛሁ። ጠዋት በሩን ስከፍት የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ፊቴን መታኝ፤ ባትሪው እጅ አያስነካም። ከዚያ ውስጥ ከሚወጣው ጋዝ አንዱ ሃይድሮጅን ነው፤ አንድ ብልጭታ ይበቃዋል። መጀመሪያ ስፒናውን ከግድግዳው ነቀልሁ፣ በሮቹን ሁሉ ከፈትሁ፣ መኪናው እስኪናፈስ ማንም ማብሪያ እንዳይነካ ለመንሁ። የእንግዶቹ ሻንጣ እዚያው ነበር። ዛሬም ያ ሽታ ትዝ ሲለኝ ይዘገንነኛል። ለዚህ ነው ባትሪው ሰው በሚተኛበት መኪና ውስጥ ከሆነ መስኮት ሳይከፈት አይሞላም የምለው።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። የፍሪጅህ ሞተር ሲሠራ ወደ 4 አምፒር ይስባል እንበል። በላንጋኖ ሙቀት ከቀኑ ግማሹን ቢሠራ፣ 4 አምፒር በ12 ሰዓት ሲባዛ በ24 ሰዓት 48 አምፒር ሰዓት ይሄዳል። የባትሪህ ግማሽ ማለት ነው። የእርሳስና አሲድ ባትሪ ደግሞ ከግማሽ በታች ሲወርድ ዕድሜው ያጥራል። በሁለተኛው ንጋት ፍሪጁ የሚጠፋው ለዚህ ነው። በየቀኑ የወጣው በየቀኑ መመለስ አለበት።

የጓደኞችህ ምክር ለክፉ ቀን ያገለግላል እንጂ መፍትሔ አይሆንም። መኪናው ቆሞ ሞተሩ ሲሠራ፣ ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ ሙሉ ኃይሉን አይሰጥም። ከዚያም በላይ ባትሪ መጨረሻ ላይ ያለችውን አንድ አምስተኛ የሚቀበለው በዝግታ ነው፤ ምንም ያህል ኃይል ብትሰጠው ሰዓታት ይፈጃል። በአንድ ሰዓት እዚያ አትደርስም። ሳይሞላ የሚከርም ባትሪ በውስጡ ባሉት የእርሳስ ሳህኖች ላይ ሰልፌት የሚባል ጨው ይጠነክርበታል፣ አቅሙም ይሞታል። ነዳጁንና የእንግዶቹን እንቅልፍ ሳልቆጥር።

የሚያስፈልግህ ራሱን የሚቆጣጠር ቻርጀር ነው። መጀመሪያ ባለው አምፒር ይገፋል፤ 14.4 ቮልት አካባቢ ሲደርስ እዚያው ይይዘዋል፤ ባትሪው መቀበሉን ሲቀንስ ወደ 13.6 ገደማ ወርዶ ይጠብቀዋል። ሦስቱንም ቀን ተሰክቶ ቢቆይ አይጎዳም። ትክክለኛው ቮልት ባትሪው ላይ ተጽፏል፤ የጄል ባትሪ ከዚህ ዝቅ ያለ ይፈልጋል፣ ሊቲየም ደግሞ የራሱን ቻርጀር።

ስንት አምፒር? መብራት ሌሊቱን ሙሉ ካለ 10 ይበቃሃል። ነገር ግን ጀኔሬተራቸውን ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ብቻ የሚያስነሡ ሎጆች አሉ። በአራት ሰዓት ባለ 10 አምፒሩ ቢበዛ 40 አምፒር ሰዓት ይመልሳል፤ የቀኑን ወጪ እንኳ አይሸፍንም። አንተን የሚያዋጣህ ባለ 20 ነው፤ ባትሪህ ይህን እንደሚቀበል መለያው ላይ አረጋግጥ። ባለሎጁም አይስጋ፤ ባለ 20 ቻርጀር ከ220 ቮልቱ መስመር የሚስበው 350 ዋት አካባቢ ነው። የሻይ ውሃ ማፍያቸው 2000 ዋት ይበላል። አስፈቅደህና ከፍለህ ሰካ።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ገመድ ላይ ነው። ቻርጀሩን ግድግዳው ጋ አስቀምጠው ቀጭን ገመድ እስከ መኪናው ይጎትታሉ። ተገላቢጦሽ ነው መሆን ያለበት፤ ረጅሙ ገመድ በ220 በኩል ይሁን፣ በ12 ቮልት በኩል ያለው አጭርና ወፍራም። 20 አምፒር በ2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ ሦስት ሜትር ሄዶ ሲመለስ 0.8 ቮልት ገደማ መንገድ ላይ ይቀራል። ቻርጀሩ 14.4 ሲል ባትሪው ዘንድ የሚደርሰው 13.6 ነው። 6 ካሬ ካደረግኸው ጉድለቱ ወደ 0.35 ይወርዳል። ከባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብ 30 አምፒር ፊውዝ አስገባ፤ ያለ ፊውዝ ገመዱ ቢላጥና ቦዲ ቢነካ መኪናው ይቃጠላል።

የ220ው ኤክስቴንሽን ባለ ሦስት ሽቦ ይሁን፣ የመሬት ሽቦው እንዳይቀር። ተጠቅልሎ የሚቀመጥ ዓይነት ከሆነ እስከ መጨረሻው ዘርጋው፤ እንደተጠቀለለ ጭነት ሲበዛበት ይግላል። መጋጠሚያው ሣር ላይ አይውደቅ፤ ዝናብ ሲመጣ ነቅለህ ግባ። መጀመሪያ ባትሪውን ታገናኛለህ፣ ከዚያ ስፒናውን ትሰካለህ፤ ስትፈታ ስፒናው ይቀድማል። ብልጭታው ባትሪው ጋ እንዳይሆን ነው።

ወደ ዳናኪል የምትሄድ ከሆነ ሙቀት የሚለካ ሽቦ ያለውን ቻርጀር ፈልግ። ከ25 ዲግሪ በላይ በየአንዷ ዲግሪ 0.024 ቮልት ያህል መቀነስ አለበት። በ45 ዲግሪ ግማሽ ቮልት ይጠጋል፤ ላንጋኖ ላይ ልክ የነበረው እዚያ ባትሪውን ያፈላዋል።

አዲሱን ከመግዛትህ በፊት አንድ ነገር አድርግልኝ። ሞተሩን አስነሥተህ፣ ፍሪጁን አብርተህ፣ ቴስተሩን (የቮልት መለኪያውን) ሁለተኛው ባትሪ ጫፎች ላይ አድርግ። ከ13.8 እስከ 14.4 ማሳየት አለበት። 13.2 ካየህ ከፊት፣ ከሞተሩ በኩል የሚመጣው ገመድ ቀጭን ነው ወይም ሁለቱን ባትሪዎች የሚያገናኘው ሪሌ ደክሟል፤ አሮጌው ባትሪ መንገድ ላይም ይራብ ነበር ማለት ነው፣ አዲሱም ይራባል። ያየኸውን ቁጥርና የገመዱን ውፍረት ጽፈህ ላክልኝ።