የታይታኒየም ናሙናዎ ውኃ ማስጠጋት ሲያቆም

አንድ አንባቢ ለጥርስ ኢምፕላንት (በመንጋጋ አጥንት ውስጥ ለሚተከል ሰው ሠራሽ የጥርስ ሥር) ጥናት የሚሆኑ የታይታኒየም ናሙናዎችን እንደሚያዘጋጁ ገልጸው ጠይቀውኛል። የአሉሚና (የአሉሚኒየም ኦክሳይድ) ብናኝ በአየር ግፊት ረጭተው በአሲድ ካስበሏቸው በኋላ በመጀመሪያው ቀን ውኃ ይዘረጋባቸው ነበር፤ ከወር በኋላ ግን ጠብታው ተድበልብሎ ይቆማል፣ የአጥንት ሕዋሳትም በደንብ አይጣበቁም። የጌኮ እንሽላሊትን የእግር ፀጉር የሚመስል ገጽ ቢቀርጹበት ይሻል እንደሆነም ማወቅ ይፈልጋሉ።

የጌኮውን ሐሳብ እንዲተዉት እመክራለሁ። ያ እግር ግድግዳ የሚይዘው እጅግ ቀጫጭን ፀጉሮቹ በሚፈጥሩት የሞለኪውሎች መሳሳብ ነው፤ በየእርምጃውም በቀላሉ እንዲላቀቅ ሆኖ የተፈጠረ ነው። እርስዎ የሚፈልጉት ግን በደም በራሰ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ የማኘክን ጫና ለዓመታት የሚሸከም፣ አጥንቱ ራሱ አድጎ የሚቆልፈው ገጽ ነው። ለዚህ የሚሆነው አርአያ እዚያው አጥንት ውስጥ ይገኛል፤ ኦስቲዮክላስት የተባሉት ሕዋሳት ያረጀውን አጥንት እየበሉ ጉድጓድ ይተዋሉ፣ አዲስ አጥንት የሚሠሩት ደግሞ ተከትለው ይሞሉታል። የአሉሚናው ብናኝ በአሥርት በሚቆጠሩ ማይክሮኖች (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው) የሚለኩ ጉድጓዶችን፣ አሲዱም በውስጣቸው ከ1 እስከ 3 ማይክሮን የሚሆኑ ትንንሾችን ስለሚፈጥሩ፣ የእርስዎ ገጽ ቀድሞውኑ ይህንኑ የተፈጥሮ ሥራ የሚከተል ነው። አማካይ ሻካራነቱ ከ1 እስከ 2 ማይክሮን መሆኑን በመለኪያ ካረጋገጡ ቅርጹን አይንኩት።

ችግሩን የማየው በአቀማመጡ ላይ ነው። በታይታኒየም ላይ ያለው ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ከአየር ውስጥ ሃይድሮካርቦኖችን (የካርቦንና የሃይድሮጅን ውህዶችን) እየሳበ በሳምንታት ውስጥ ካርቦን ይለብሳል፤ ውኃን የሚገፋውም ይህ ልባስ ነው። ገጹ ሻካራ በመሆኑ ደግሞ ነገሩ ይባባሳል፤ ፈሳሹ ወደ ጉድጓዶቹ መግባት ሲያቅተው አየር በውስጣቸው ይታፈናል፣ ሕዋሳቱ የሚይዟቸው ፕሮቲኖችም እርስዎ የደከሙበት ቦታ ሳይደርሱ ይቀራሉ። በአልኮል መወልወል ይህን ልባስ አያነሳም።

ስለዚህ ናሙናዎቹን ሕዋስ ሊዘሩባቸው ሲሉ በዚያው ዕለት በአልትራቫዮሌት ብርሃን ወይም በኦክስጅን ፕላዝማ (በኤሌክትሪክ በተሞላ የኦክስጅን ጋዝ) ያጽዷቸው። ከዚህም የሚሻለው፣ ከአሲዱ እንደወጡ በናይትሮጅን ጋዝ ሥር አጥበው 0.9 በመቶ የጨው ውኃ በያዘ ንጹሕ የመስታወት ዕቃ ውስጥ ማሸግ ነው። ፕላስቲክ ከረጢት ራሱ የሃይድሮካርቦን ምንጭ ስለሚሆን አይጠቀሙበት።

በድዱ በኩል የሚቀረውን የኢምፕላንቱን አንገት ግን አያሻክሩት። አማካይ ሻካራነቱ ከ0.2 ማይክሮን ብዙ ሲያልፍ ባክቴሪያ መጠለያ ያገኛል፤ አጥንትን የሚጠቅመው ጉድጓድ እዚያ ጠላት ነው።

ምርመራዬ ትክክል መሆኑን ለማየት ከአንድ ዙር ሥራ የወጡ ያረጁ ናሙናዎችን ለሁለት ይክፈሉ፤ ግማሹን በአልትራቫዮሌት አጽድተው፣ ግማሹን እንዳለ ትተው፣ በአንድ ቀን የውኃ ጠብታው ከገጹ ጋር የሚሠራውን ማዕዘን (ማነሱ ውኃው መዘርጋቱን ያሳያል) ይለኩና ተመሳሳይ ቁጥር ያለው ሕዋስ ይዝሩባቸው። የጸዱት ሕዋሱን በደንብ ከያዙ፣ ለአዲስ ቅርጽ ያሰቡትን ገንዘብ በማጽጃውና በማስቀመጫው ላይ ያውሉት።