«ወንድሜ በራሱ አይተማመንም፤ ምን ብዬ ላበርታው?»

ጥያቄ፦ የምኖረው ደሴ ነው። ሰኞ ገበያ አካባቢ የልብስ ሱቅ አለኝ። እናታችን ስታርፍ «ወንድምሽን አደራ» ብላኝ ነበር፤ እስካሁን የማሳድገው እኔ ነኝ። አሁን 21 ዓመቱ ነው። በ2015 የ12ኛ ክፍል ፈተና ካልመጣለት ወዲህ ቤት ነው። ሰው ፊት መናገር ይፈራል። መታወቂያውን እንኳ ቀበሌ ተመላልሼ ያስጨረስኩለት እኔ ነኝ። አንድ የገበያ ቀን ሱቅ ባስቀምጠው ለደንበኛ 200 ብር ትርፍ መለሰ፤ ከዚያ ወዲህ አላስቸገርኩትም። ማታ ማታ የሰፈር ልጆችን ስልክ እየፈታታ ጊዜውን ያጠፋል። «አብሽር፣ አንተኮ ጎበዝ ነህ» እለዋለሁ። የማነቃቂያ ስልጠናም ከፍዬ አስገብቼዋለሁ። ለውጥ የለም። ምን ብዬ ላበርታው?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ስለ ፈተናው ልበል። በ2015 ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ናቸው። ያውም የደሴ ልጆች በ2014 ጦርነቱ ከተማቸው ገብቶ ትምህርታቸው ከተቋረጠ በኋላ ነው የተፈተኑት። ወንድምሽ ብቻውን አልወደቀም። ይህን ቁጭ አድርጎ የነገረው ሰው አለ ወይ?

ወደ ጥያቄሽ ስመጣ፣ «ምን ብዬ ላበርታው» ነው ያልሽው። ደብዳቤሽን ሳነበው ግን ማበረታቻ የጎደለው ልጅ አላየሁም። «አብሽር» የሚለው አለው፣ የሚከፍልለት አለው፣ የሚሮጥለት አለው። የጎደለው የራሱ የሆነ ሥራ ነው።

«አላስቸገርኩትም» ያልሽው ቃል ላይ ብዙ ቆየሁ። ከፍቅር የወጣ ቃል ነው። እስቲ በእሱ ቦታ ሆነሽ አስቢው። ሱቁ በሰው ተሞልቷል፣ አንዷ ዋጋ ትከራከራለች፣ ሌላዋ መልስ ስጠኝ ትላለች፣ ተሳሳተ። አልተቆጣሽውም። ግን በማግስቱ አልጠራሽውም፣ በሚቀጥለውም ገበያ አልጠራሽውም። እሱ ከዚህ ምን ተረዳ? «አትችልም» ያለው ሰው የለም፤ ነገሩን ከዝምታሽ ጨርሶ ሰምቶታል። ማታ «ጎበዝ ነህ» ስትይው ከሁለቱ የትኛውን ይመን?

አልበርት ባንዱራ የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ሰው «እችላለሁ» የሚለውን እምነት ከአራት ቦታ ያገኘዋል ይላል። ራሱ ሞክሮ ከተሳካለት ነገር፣ እንደ እሱ ያለ ሰው ሲሳካለት ከማየት፣ ሰው ከሚነግረው፣ እና ገዛ አካሉ ከሚነግረው፤ ላብ ሲያሰምጠው፣ ልቡ ሲመታ ማለት ነው። ከሁሉም የሚበልጠው የመጀመሪያው ነው። ባንዱራና ባልደረቦቹ እባብ አጥብቀው የሚፈሩ ሰዎችን ደረጃ በደረጃ ወደ እባቡ እያስጠጉ ሠርተዋል። ሌላው እባቡን ሲይዝ ከተመለከቱት ይልቅ በገዛ እጃቸው የነኩት ናቸው በራሳቸው ላይ ይበልጥ የተማመኑት። አንቺ ያለሽን ሁሉ ያወጣሽው ሦስተኛው ላይ ነው፣ ቃሉ ላይ። ስልጠናውም ያው ቃል ነው።

እዚህ ላይ አጥብቄ የምለው አለኝ። ትንሽ ሥራ በራስ መተማመን የሚሰጠው የሠራው ሰው «የእኔ ነው» ማለት ሲችል ነው። ለዚያ ደግሞ ሊበላሽ የሚችል ሥራ መሆን አለበት። ከኋላ ቆመሽ የምታቃኚው ከሆነ ቢሳካም ምስጋናው ያንቺ ነው፤ ልጁም ያውቀዋል። መታወቂያው በኪሱ አለ፣ ግን ያወጣው እሱ አይደለም። ሰልፉን አልጠበቀም፣ «ነገ ተመለስ» ተብሎ አልተናደደም፣ በማግስቱም አልተመለሰም።

አሁን «ጊዜውን ያጠፋል» ያልሽውን ልመልከት። ስልክ የሚፈታ ሰው የስንዴ ፍሬ የማታክል ብሎን ከየት እንደወጣች ማስታወስ አለበት። እጁ መረጋጋት አለበት። ሲጨርስ ስልኩ ወይ ይበራል ወይ አይበራም፤ ማንም አያባብለውም። ልጆቹ ደግሞ አዝነውለት አይመጡም፣ ስለሚሠራላቸው ነው። ሰው ፊት መናገር ይፈራል ያልሽው ልጅ ማታ ማታ «ምን ሆነብህ? ውኃ ነክቶታል?» እያለ ከደንበኛ ጋር ያወራል። እኔ ከደብዳቤሽ ሁሉ ደስ ያለኝ ይህች ዓረፍተ ነገር ናት፣ አንቺ ግን በወቀሳ መሃል አሳልፈሻታል።

ለምን አሳለፍሻት? ልሳሳት እችላለሁ፣ ግን አደራው የከበደሽ ይመስለኛል። በእጅሽ እያለ አንድ ነገር ቢሆን ለእናትሽ ምን ትያለሽ? ስለዚህ ምንም እንዳይነካው ጠበቅሽው። እናትሽ ግን አደራ ያለችሽ ታዳጊ ነበር፣ አሁን ያለው የ21 ዓመት ጎልማሳ ነው። በዚያ ላይ ስለ ራስሽ አንድ መስመር አልጻፍሽም። ሐዘንሽን መቼ አዘንሽ?

ምን ላድርግ ካልሽ፣ ብዙ አይደለም፤ ሁሉም ለሁሉም እንደማይሠራም እወቂ። ሰው በማይበዛበት ቀን ለሁለት ሰዓት ሱቁን ስጪውና ውጪ። ማታ ሒሳቡን ራሱ ይዝጋ፣ ፊቱ ቆመሽ አትቁጠሪ። የሚቀጥለውን የቀበሌ ጉዳይ እሱ ይሂድ፣ ቢመላለስም ይመላለስ። የራስሽ ስልክ ሲበላሽ ለእሱ ስጪው፣ እንደ ማንኛውም ደንበኛ ክፈይው። «ጎበዝ» ከማለት ይልቅ «እንዴት አደረግከው?» በይው፤ ከዚያ ዝም ብለሽ አዳምጪ። ውጤቱን በሳምንት አትጠብቂ፣ ወራት ሊፈጅ ይችላል።

አንድ ነገር ግን በጽሑፍ መለየት አልችልም። ቀን የሚተኛ፣ ምግብ የሚያስጠላው፣ «ብሞት ይሻላል» ዓይነት ነገር የሚያወራ ከሆነ ጉዳዩ በራስ ከመተማመን ያለፈ ነው፤ ሳትዘገዩ እዚያው ደሴ ሆስፒታል ባለሙያ ይየው። ይህ ከሌለና አልሄድም ካለ አትጎትችው። አንቺ ግን ለራስሽ ብለሽ አማካሪ ፊት ለፊት አግኚ፣ እሱን ለማስታመም ምክር ልትቀበዪ ሳይሆን ስለ እናትሽ ለማውራት።