ልልቀቅ ወይስ ልታገሥ ላልከው የተሳቢ ሾፌር፦ ልቀቅ፣ ግን በወረቀት

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አነበብኩት። ለገሃር አካባቢ ቢሮ ያለው የጭነት ማመላለሻ ድርጅት ውስጥ ተሳቢ እንደምትነዳ፣ ደመወዝ ከተቋረጠ ሦስት ወር እንዳለፈ፣ ከመኪኖቹ ግማሾቹ ቃሊቲ ግቢ ውስጥ ቆመው እንደቀሩ፣ ሥራ አስኪያጁ ግን «በሚቀጥለው ወር ገንዘብ ይገባል፣ ታገሡ» እንደሚላችሁ ጽፈሃል። ረዳትህም አንተን አይቶ ሊወስን እየጠበቀ ነው። ከእኔ በፊት የመለሱልህ አብዛኞቹ «ታገሥ፣ ሥራ እንደ ልብ አይገኝም» ብለውሃል። እኔም እንዲህ ካለ ድርጅት የለቀቅሁ የተሳቢ ሾፌር ነኝ፤ ልቀቅ እልሃለሁ። ዋናው ነገር አለቃቀቅህ ነው።

አንደኛ፣ «ድርጅቱ ይተርፋል ወይስ አይተርፍም?» የሚለውን ክርክር ለባለቤቱና ለባንኩ ተውላቸው። ከአንዱ መኪና ጎማ ተፈትቶ ለሌላው ሲገጠም፣ ቦሎና ኢንሹራንሱ ያለፈበትን መኪና «እስከ ሞጆ ብቻ አድርሰው» ተብለህ ስትላክ መልሱ ተሰጥቶሃል። እንዲህ ያለውን ጉዞ ደግሞ እምቢ በል፤ ትራፊክ ፖሊስ ሲያስቆምህ የሚጠይቀው ያንተን መንጃ ፈቃድ እንጂ የሥራ አስኪያጁን አይደለም። የእኛ አለቃ መጀመሪያ የሚያማርረው ባቡሩን ነበር። የጅቡቲው ባቡር በ2010 የንግድ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ጭነቱን ሁሉ ወሰደብን ይላል፤ እኛ ግን በጋላፊ ድንበር በኩል ስናልፍ የሌሎች ድርጅቶች ተሳቢዎች ሙሉ ጭነት ይዘው ከፊታችን ተሰልፈው ነበር። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ጥፋቱ የዶላር ሆነ። ይህኛው እንኳን እውነት አለው፣ ጎማ የገዛ ሁሉ ያውቀዋል። ነገር ግን መኪኖቹ በባንክ ብድር የተገዙ ከሆነ ምክንያቱ ላንተ ምንም አይለውጥም። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ብድሩ ያልተከፈለው ባንክ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ ፍርድ ቤት ሳይሄድ መያዣውን በሐራጅ መሸጥ ይችላል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የሠራተኛ ክፍያ ከሌላ ዕዳ ይቀድማል ይላል። መልካም ነው፤ መኪኖቹ ከተሸጡ በኋላ ግን ቀዳሚነትህን ይዘህ ማን በር ላይ ትቆማለህ?

ሁለተኛ፣ ትዕግሥት ቀን ይቆጠርበታል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ቁጥር 1156/2011 የደመወዝ ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ፣ ማለትም ጊዜው አልፏል ተብሎ ይታገዳል። «ታገሡ» በተባልህ ቁጥር ከኋላ ያለው ወር እየተሸራረፈ ይሄዳል ማለት ነው። የእኛ ድርጅት ይህን የሚያውቅ ጠበቃ ነበረው፤ ሥራ አስኪያጁ ስብሰባ ጠርቶ በወንድማማችነት ስም ሲለምነን ጠበቃው ከጎኑ ተቀምጦ ነበር። ያን ዕለት ስንት ሰው እንዳጨበጨበ ዛሬም ሳስበው ይገርመኛል።

እንደ እኔ አምስት ዓመት ሳትሞላ አትቀርም ብዬ ልገምት። ከሞላህ በራስህ ፈቃድ ብትለቅም፣ ድርጅቱ አሠልጥኖህ የግዴታ አገልግሎት ካላስፈረመህ በቀር የሥራ ስንብት ክፍያ ይገባሃል፤ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ከዚያ በኋላ ላለው እያንዳንዱ ዓመት የዚያ ሲሶ። ለአምስት ዓመት የ70 ቀን ደመወዝ ይመጣል። ጥቂት ወራት ከጎደሉህ ቀኑን ቆጥረህ ጠብቅ፤ ከዚህ ሌላ ለመጠበቅ የሚበቃ ምክንያት አላውቅም። ገንዘቡንም አታጋንነው። ስሌቱ በመሠረታዊ ደመወዝ ነው፤ ውሎ አበል በሕጉ ደመወዝ አይባልም። ሾፌር ቤቱን የሚያስተዳድረው በውሎ አበል ነው፣ መኪናው ከቆመ ደግሞ አበል የለም። ስለዚህ አንተ አሁን እየጠበቅህ ያለኸው ደመወዝህን ብቻ ነው፣ እሱም እየመጣ አይደለም።

ሦስተኛ፣ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ስጥ። አሠሪ ግዴታውን ደጋግሞ ሲጥስ ያለ ማስጠንቀቂያ መልቀቅ በሕጉ ይፈቀዳል፤ ግን ምክንያቱን በጽሑፍ ማሳወቅ አለብህ፣ የ15 የሥራ ቀን ገደብም አለው፣ ክርክሩም ብዙ ነው። ሠላሳውን ቀን ብትሰጥ ይሻላል። በሁለት ቅጂ አዘጋጅተህ አንተ ዘንድ በሚቀረው ላይ ማኅተምና ቀን አስደርግበት። የእኛ ጸሐፊ «ማኅተሙ ተቆልፎበታል» አለችኝ፤ በማግሥቱም ተቆልፎበት ነበር። ወደ ዋናው ፖስታ ቤት ወርጄ በሪኮማንዴ፣ ደረሰኝ ባለው የአደራ ደብዳቤ ላክሁላቸው። ደረሰኙን ስታይ ማኅተሙ ተገኘ። አንድ ጓደኛችን ግን በስልክ «በቃኝ» ብሎ ቁልፉን ለጥበቃ ትቶ ሄደ፤ ያለ ማስጠንቀቂያ ለቅቀሃል ተብሎ ከሚገባው ሒሳብ ላይ እስከ 30 ቀን ደመወዝ በካሣ ስም ተቀነሰበት። ሕጉ ይህን ለአሠሪ ይፈቅዳል።

አራተኛው ርክክብ ነው፤ ቁጥሩን እዚህ ላይ እተወዋለሁ፣ ምክንያቱም ሁሉም ነገር የሚበላሸው እዚህ ነው።

የእኛ ድርጅት ቢሮ ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ ሕንፃ ላይ፣ ስድስተኛ ፎቅ ነው። አሳንሰሩ አይሠራም። ደረጃውን ወጥተህ ፋይናንስ ክፍል ስትደርስ አንድ ሰው ከመስታወት ጀርባ ተቀምጦ ሻይ ያማስላል፣ ቀና ብሎ አያይህም። «ሒሳብ አወራርድ» አለኝ። ለጉዞ የወሰድሁትን ቅድሚያ ክፍያ ማለቱ ነው። ወረቀቴን ዘረጋሁ። የነዳጁን ተቀበለ። ሚሌ ላይ ሌሊት ጎማ ያሠራሁበትን አልቀበልም አለ፤ «ሕጋዊ ደረሰኝ አምጣ» ይላል። ሚሌ ላይ በዚያ ሙቀት፣ በባትሪ ብርሃን የሚሠራ ጎሚስታ የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን ይዞ እንደሚቀመጥ ነው የሚያስበው። ለዓመታት በእጅ በተጻፈ ወረቀት ሲያወራርዱልኝ የኖሩት እነሱ ናቸው! ቀጥሎ ሸራ ጎድሏል አለ። ቀጥሎ ሁለተኛው ትርፍ ጎማ የለም አለ። ክሪኩንም ጠየቀ፣ ክሪኩ ግን ፊቱ ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ ልኩራ። መኪናዋን የተረከብሁበትን ቅጽ፣ የስምሪት ክፍሉ ፊርማ ያለበትን፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በፕላስቲክ ማኅደር አስቀምጬው ነበር። ሲሰጡኝ ትርፍ ጎማ አንድ እንደነበረ በራሳቸው ሰው እጅ ተጽፏል። ሳሳየው ምን ያለ ይመስልሃል? «ይህ የድርጅቱ ሰነድ ነው፣ አንተ ዘንድ ምን ይሠራል?» እስከ ዛሬ እንደዚህ ያለ ድፍረት አላየሁም። ይባስ ብሎ ዋሴን ጠሩት። አንተም ስትቀጠር ዋስ አቅርበህ ይሆናል፤ የእኔ ዋስ የእህቴ ባል ነው፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚሠራ፣ ስሙን የሚጠብቅ ሰው። ወደ ሥራ ቦታው «ዋስ የሆንክለት ሠራተኛ ንብረት አጉድሏል» የሚል ደብዳቤ ላኩበት። በመንገድ ላይ አንድ ኩንታል ጎድሎብኝ የማያውቅ እኔ፣ ዘመድ ቤት ገብቼ ስለ ሸራ አስረዳሁ።

ስለዚህ ርክክቡን ከማመልከቻው በፊት አዘጋጅ። መኪናውን ከመመለስህ በፊት ፎቶ አንሣው፤ ጎማዎቹን ከነቁጥራቸው፣ ሸራውን፣ ገመዱን፣ መፍቻዎቹን፣ የኪሎ ሜትር ንባቡን። ተረካቢው ሳይፈርም ቁልፍ አትስጥ። ያልተወራረደ ሒሳብ ካለህ ዛሬውኑ፣ የስምሪት ሠራተኛው ገና ሥራ ላይ እያለ ጨርስ። የእኛው ቀድሞን ለቀቀ፤ የመጨረሻው የጅቡቲ ጉዞዬ ወረቀት ፊርማ ስለጎደለው አበሉ ቀረብኝ። የዋስህንም መሰረዣ ደብዳቤ ጠይቅ፣ የሥራ ምስክር ወረቀትም በነፃ የመስጠት ግዴታ አለባቸው። ጉድለት ነው ብለው ከደመወዝህ ሊቀንሱ ቢሞክሩ ያለ አንተ የጽሑፍ ስምምነት፣ ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ ወይም የፍርድ ቤት ትእዛዝ አይችሉም፤ ቢችሉም ከወር ደመወዝህ ሲሶ አይበልጥም።

ውሉ ከተቋረጠ በኋላ ሒሳብህን በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መክፈል አለባቸው፤ ካዘገዩ ፍርድ ቤት እስከ 3 ወር ደመወዝ ሊጨምርልህ ይችላል። ይህን ለመስታወቱ ሰው ስነግረው «ክሰሰና!» አለኝ። ከሰስሁ። የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ሠራተኛን የዳኝነት አያስከፍልም፣ ይህን ብዙ ሾፌር አያውቅም። መጥሪያው በደረሳቸው ሳምንት ያው ሰውዬ ደውሎ «ወንድሜ፣ ለምን በሽማግሌ አንጨርሰውም?» አለኝ። ደመወዙንና ስንብቱን ወሰድሁ፤ የመዘግየቱን ጭማሪ ትቼላቸዋለሁ፣ ሸራው ተረሳ።

የጡረታህን ነገር ሳትለቅ አጣራ። ከአንተ 7 በመቶ፣ ከድርጅቱ 11 በመቶ በየወሩ ለግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ መግባት አለበት። የከሰረ ድርጅት መጀመሪያ የሚያስቀረው ይህንን ነው፤ የደመወዝ ወረቀትህ ላይ «ተቀንሷል» ስለተባለ ገብቷል ማለት አይደለም። የጡረታ ቁጥርህን ይዘህ ራስህ ሄደህ ጠይቅ። ካልገባ በማመልከቻህ ላይ ጥቀሰው።

ረዳትህ ምናልባት የጽሑፍ ውል የለውም፣ ረዳት መቼ ውል ተሰጥቶት ያውቃል። ውሉ በጽሑፍ አለመሆኑ ግን መብቱን አያሳጣውም። ስሙ ያለበትን የጉዞ ወረቀት፣ በባንክ የገባለትን ክፍያ፣ የወደብ መግቢያ ፈቃዱን ይሰብስብ። ማመልከቻውን ለብቻው ይጻፍ፤ በአንተ ደብዳቤ ውስጥ ስሙን አትጨምር፣ አንዱ ፋይል ሲጠፋ ሁለታችሁም እንዳትጠፉ። ሰኞ ማመልከቻህን ይዘህ ሂድ፤ ጸሐፊዋ ማኅተም የለም ካለችህ ፖስታ ቤቱ ቅርብህ ነው።