መልስ፦ ጨረር ሲሰጡኝ አስተኝተውኝ ይወጣሉ፤ ቆዳዬ ሲቃጠል ለማን ልንገር?

እህቴ፣ አይዞሽ። ጡትሽን በጨረር የሚያክሙሽ ባለሙያዎች ጥለውሽ የሚወጡት ንቀውሽ አይደለም፤ ማሽኑ ሲሠራ ክፍሉ ውስጥ ከታካሚዋ በቀር ማንም መቆየት የለበትም። በካሜራ ያዩሻል፣ ድምፅሽንም ይሰማሉ። ሳል ቢመጣብሽ ወይም ቢያዞርሽ ሳትነሺ ተናገሪ፤ ጨረሩን አቁመው ይገባሉ። ሲያስተካክሉሽም ለማገዝ ብለሽ አትንቀሳቀሺ፣ ሥራው በሚሊ ሜትር ነው። ዝም የሚሉትም ብዙውን ጊዜ ለዚህ ነው። ስለዚህ ጥያቄሽን ከመተኛትሽ በፊት አንሺ።

ቆዳሽ ሲቀላ ወይም ሲያሳክክሽ መጀመሪያ ለእነዚሁ የጨረር ባለሙያዎች ንገሪ። መድኃኒት የሚያዘው ግን ሐኪሙ ነው። ቆዳው ከተላጠና ከረጠበ፣ ወይም ካተኮሰሽ፣ ሳምንታዊውን ቀጠሮ አትጠብቂ፤ ያኑ ቀን ሐኪም ይየኝ በይ። ጨረሩ የሚያርፍበትን ቦታ ለማሳየት ቆዳሽ ላይ የተደረገው የቀለም ምልክት ከደበዘዘም ራስሽ በእስክርቢቶ አትድገሚው፣ ለባለሙያዎቹ አሳዪያቸው።

ወንድ ባለሙያ ካሳፈረሽ ሴት እንድትኖር፣ የማይታከመው ጡትሽም እንዲሸፈን ጠይቂ፤ ይህ ምንም ነውር የለውም።

የክፍሉን ስልክ ቁጥር ያዢ። ሕክምናው ብዙውን ጊዜ 15 ወይም 25 ቀን ነው፤ ማሽን ተበላሽቶ ወይም አንቺ ቀርተሽ ቀን ከተዘለለ እንዴት እንደሚካካስ ጠይቂያቸው።