ራም ሞልቶ «ሜሞሪ የለም»፦ ስለ አሮጌ ዳታቤዞች የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

የዛሬዎቹ ጥያቄዎች ከአራት የተለያዩ ፕሮግራሞች የመጡ ናቸው፤ ሁሉም ጠያቂዎች ግን በቂ ራም እያላቸው ከችግሩ አልዳኑም። አሮጌ ዳታቤዝ «ሜሞሪ አለቀ» ሲል ብዙ ጊዜ ያለቀው ራሙ ሳይሆን ፕሮግራሙ ሲሠራ የተከለለለት ጠባብ ቦታ ነው። ትእዛዞችንና የፋይል ስሞችን እዚህ የጻፍነው በአነባበባቸው ነው፤ ኮምፒውተሩ ላይ የሚገቡት በላቲን ፊደል ነው።

ጥያቄ፦ በክሊፐር 5.2 (በዶስ ዘመን የዳታቤዝ ፕሮግራም መጻፊያ) የተሠራ የዕቃ ክምችት ፕሮግራም አለን። ኮምፒውተሩ ስላረጀ 4 ጊጋባይት ራም ወዳለው ማሽን አዛወርነው፤ ዊንዶውሱ እንደ ድሮው ኤክስፒ ነው። አሁን ሪፖርት ልናወጣ ስንል 5302 የሚል ስህተት አሳይቶ ይዘጋል። በአሮጌው ማሽን በ256 ሜጋባይት ራም ያለ ችግር ይሠራ ነበር። አዲሱ ራም ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ራሙ ደህና ነው። 5302 ኮንቬንሽናል ሜሞሪ አለቀ ማለት ነው፤ ይኸውም ዶስ (ከዊንዶውስ በፊት የነበረው ሥርዓት) ለፕሮግራሞች ከሚሰጠው የመጀመሪያው 640 ኪሎባይት ላይ የሚተርፈው ነው። ማሽኑ 4 ጊጋባይት ይኑረው 256 ሜጋባይት፣ 640ው አይጨምርም።

መጀመሪያ ይለኩ። የዶስ መስኮት ከፍተው «ሜም» ብለው ይጻፉ። ትልቁን ሊሠራ የሚችል ፕሮግራም መጠን የሚያሳየው ቁጥር ከ600 ኪሎባይት በታች ከሆነ ቦታውን የሚሻማ ነገር አለ። ቀጥሎ የፕሮግራሙን ስም ጽፈው ከኋላው «//ኢንፎ» ጨምረው ያስነሱት። ክሊፐር ሲነሳ ምን ያህል ሜሞሪ እንዳገኘ ራሱ ይናገራል፤ ይህን የሚያውቅ ተጠቃሚ ጥቂት ነው።

ድሮ ሠርቶ አሁን እምቢ ማለቱን ስናይ የምንጠረጥረው ሴቲንጉን ነው። የዶስ ፕሮግራሞች ሴቲንግ የሚቀመጠው ፕሮግራሙ ባለበት ፎልደር ሳይሆን በዊንዶውስ ሲስተም32 ውስጥ፣ ኮንፊግ.ኤንቲ እና ኦቶኤግዜክ.ኤንቲ በሚባሉ ሁለት ፋይሎች ነው። ፎልደሩን ብቻ ቀድቶ የወሰደ ሰው እነሱን አሮጌው ማሽን ላይ ትቷቸዋል። አሮጌው ሃርድ ዲስክ ካልተጣለ ፋይሎቹን ከፍተው ያስተያዩ፤ ግማሹ ሥራ እዚያ ያልቃል።

ከተጣለ እንዲህ ያድርጉ። ኦቶኤግዜክ.ኤንቲ ውስጥ ኤምኤስሲዲኤክስኤንቲን የሚጠራውን መስመር ከፊቱ «ሬም» ጽፈው ያሰናክሉት፤ ለሲዲ ማንበቢያ ነውና ፕሮግራምዎ አይፈልገውም። የኔትወርክ ረዳቱን ሬዲርን የሚጠራውን መስመርም በተመሳሳይ መንገድ ይሞክሩት፤ ከዚያ በኋላ ኔትወርክ ላይ ያለ ዳታ አልከፍትም ካለ ይመልሱት። ሁለቱን ባንድ ጊዜ አያሰናክሉ፣ የትኛው ምን እንዳበላሸ አይታወቅም። ወደ ኮንፊግ.ኤንቲ ሲሄዱ «ዶስ=ሃይ, ዩኤምቢ» የሚለው መስመር መኖሩን ያረጋግጡ። እሱ ከሌለ ከፊታቸው «ኤልኤች» የተጻፈባቸው ረዳቶች ከ640ው በላይ መውጣት ትተው እዚያው 640ው ውስጥ ይሰፍራሉ። «ኢኤምኤም=ራም» ይጨምሩ፤ ክሊፐር ሲጠበው መረጃውን ወደዚህ ተጨማሪ ሜሞሪ ያሸሻል። «ፋይልስ=40» የሚለውን ደግሞ 125 ያድርጉት።

በመጨረሻ ኦቶኤግዜክ.ኤንቲ ውስጥ «ሴት ክሊፐር=//ኤፍ:120 //ኢ:4096» ብለው ይጻፉ። የመጀመሪያው ፕሮግራሙ ባንድ ጊዜ የሚከፍታቸውን ፋይሎች ቁጥር ይወስናል፣ ከፋይልስ ቁጥር ማነስ አለበት። ሁለተኛው የሚጠቀመውን ተጨማሪ ሜሞሪ በኪሎባይት ይገድባል። በፕሮግራሙ አቋራጭ ፕሮፐርቲስ፣ «ሜሞሪ» በሚለው ገጽ ያለውንም የኢኤምኤስ (የዚሁ ተጨማሪ ሜሞሪ) መጠን «ኦቶ» ላይ አይተዉት፤ 4096 ይምረጡ። ኮምፒውተሩን ሪስታርት ማድረግ አያስፈልግም፤ የዶስ መስኮቱን ዘግቶ መክፈት ይበቃል። ሌሎች የዶስ ፕሮግራሞች ካሉና እንዳይነኩብኝ ካሉ፣ «ፕሮግራም» በሚለው ገጽ «አድቫንስድ» ሲሉ ለዚህ ፕሮግራም ብቻ የሚያገለግሉ ሁለት ፋይሎች መመደብ ይቻላል።

ወደ 64 ቢት ዊንዶውስ ለመሄድ የሚያስብ ካለ ይህን ሁሉ ይርሳው፤ የ16 ቢት ፕሮግራም እዚያ ጭራሽ አይነሳም።

ጥያቄ፦ የፓራዶክስ ዳታቤዝ ቴብሎችን በቦርላንድ ዳታቤዝ ኢንጅን (ቢዲኢ) የሚጠቀም ፕሮግራም አንዳንድ ቀን 2108 የሚል ስህተት ያወጣል፣ አንዳንድ ቀን 2501። ሪስታርት ስናደርገው አንዳንዴ ይድናል። ሌላ ጊዜ ደግሞ ዲስኩ ግማሽ ባዶ ሆኖ «የዲስክ ቦታ የለም» ይላል። ራሙን እጥፍ አድርገነዋል።

መልስ፦ ሦስት ስህተቶች ናቸው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ግን ከአንድ ቤት ይወጣሉ። ይህ ኢንጅን በአንድ ኮምፒውተር ላይ የሚጠቀሙበትን ፕሮግራሞች ሁሉ የሚያገናኝ አንድ የጋራ ሜሞሪ አለው፤ ይህም በእያንዳንዱ ፕሮግራም ውስጥ በተመሳሳይ አድራሻ መቀመጥ አለበት። አድራሻውን ሌላ ዲኤልኤል (ፕሮግራሞች የሚጋሩት የኮድ ፋይል) ቀድሞ ከያዘው ኢንጅኑ አይነሳም፣ 2108 ይመጣል። ከቪስታ ወዲህ ያሉ ዊንዶውሶች ዲኤልኤሎችን ማሽኑ በተነሳ ቁጥር ቦታ ስለሚያቀያይሩ፣ ስህተቱ ዛሬ መጥቶ ነገ መጥፋቱ ከዚህ ነው። 2501 ግን ቦታው ተገኝቶ የጋራ ሜሞሪው መጠን አልበቃም ማለት ነው።

ኢንጅኑን የሚጠቀሙ ፕሮግራሞችን በሙሉ ዘግተው የኢንጅኑን ሴቲንግ መቀየሪያ፣ ቢዲኢ አድሚኒስትሬተርን፣ ይክፈቱ። በአድሚኒስትሬተር መብት መከፈቱ ግድ ነው፤ አለዚያ የቀየሩት የተቀመጠ መስሎ ይጠፋል። ኮንፊገሬሽን፣ ሲስተም፣ ኢኒት ብለው ይግቡ። ሼርድሜምሳይዝ (የጋራ ሜሞሪው መጠን) 2048 ሆኖ ያገኙታል፤ 4096 ያድርጉት። ሼርድሜምሎኬሽን (አድራሻው) ባዶ ከሆነ 5ቢዲኢ ብለው ይሙሉት፤ የሄክሳዴሲማል ቁጥር ነው። ብዙ ቴብል ባንድ ጊዜ የሚከፈት ከሆነ ማክስፋይልሃንድልስን ከ48 ወደ 100 ከፍ ያድርጉ። መጠኑን ከ4096 በላይ እያሳደጉ መሄድ አንመክርም፤ ብሎኩ በሰፋ ቁጥር የሚበቃው ክፍት አድራሻ ማግኘት ይከብዳልና 2501ን አባርረው 2108ን ይጠራሉ።

የዲስኩ ስህተት የኢንጅኑ የራሱ የቁጥር ጉድለት ነው። ባዶ ቦታውን በ32 ቢት ስለሚቆጥር በየ4 ጊጋባይቱ ቆጠራው ወደ ዜሮ ይመለሳል። ባዶው ቦታ 4፣ 8 ወይም 12 ጊጋባይትን በጥቂቱ ብቻ ሲያልፍ ኢንጅኑ የሚያየው ያቺን ጥቂቷን ነው። ስህተቱ በመጣ ሰዓት 1 ጊጋባይት የሚያህል ፋይል ዲስኩ ላይ ይቅዱ ወይም ካለ ይሰርዙ፤ ወዲያው ይጠፋል። ባዶው ቦታ ሲቀያየር ተመልሶ ሊመጣ ስለሚችል ፋይሉን በእጅ አቅራቢያ ያቆዩት።

ጥያቄ፦ ኤስኪውኤል ሰርቨር 2000 ስታንዳርድ 8 ጊጋባይት ራም ባለው ሰርቨር ላይ ነው፤ ከ2 ጊጋባይት አያልፍም። ብዙ ራም እንዲጠቀም ብለን የዊንዶውስ ማስነሻ ፋይል በሆነው ቡት.ኢኒ ውስጥ /3ጂቢ እና /ፒኤኢ ጨምረናል። ኤረር ሎጉ ተከታታይ ሜሞሪ መያዝ አልተቻለም ይላል።

መልስ፦ የስታንዳርድ እትም ጣሪያ 2 ጊጋባይት ነው፤ /3ጂቢ እና /ፒኤኢ አያነሱትምና ያውጧቸው። የሎጉ መልእክት የሚናገረው ግን ስለዚህ ጣሪያ አይደለም። ሰርቨሩ ሲነሳ ለዳታ መያዣ ከሚወስደው ውጭ 384 ሜጋባይት ያህል የአድራሻ ቦታ ያስተርፋል፦ 256 ሜጋባይት፣ በተጨማሪም ለ255 ትሬዶች (ጎን ለጎን የሚሄዱ ሥራዎች) ለእያንዳንዳቸው ግማሽ ሜጋባይት። ሊንክድ ሰርቨሮች (ከሌላ ዳታቤዝ ጋር የሚያገናኙ)፣ ኤክስቴንድድ ፕሮሲጀሮች (ከውጭ ዲኤልኤል የሚጠሩ)፣ ከ8 ኪሎባይት የሚበልጡ የሜሞሪ ጥያቄዎች ሁሉ የሚኖሩት እዚያ ነው። የተለመደው ጥፋተኛ በኤስፒ_ኦኤክሪኤት ተፈጥሮ በኤስፒ_ኦኤዲስትሮይ ያልፈረሰ ኦብጀክት ነው፤ ፕሮሲጀሮቻችሁ ውስጥ ሁለቱን ፈልጋችሁ ቁጥራቸውን አስተያዩ። የኔትወርክ ፓኬት መጠን ከ4096 ከፍ ተደርጎ ከሆነ መልሱት። ጊዜ ለመግዛት በማስነሻ ፓራሜተሮች ላይ «-ጂ384» ጨምሩ፤ 256ቱን ወደ 384 ያሳድጋል፣ የሚቀንሰው ግን ከዳታ መያዣው ነው።

ጥያቄ፦ በቪዥዋል ፎክስፕሮ (የማይክሮሶፍት ዳታቤዝ መሥሪያ) የተሠራ ፕሮግራምን በተርሚናል ሰርቨር (ሁሉም ከርቀት የሚገቡበት አንድ ማሽን) 20 ሰው ይጠቀማል። ጠዋት ፈጣን ነው፣ ሁሉም ሲገቡ ይንቀረፈፋል። ራም ጨምረን ምንም አልተለወጠም።

መልስ፦ እያንዳንዱ ፎክስፕሮ የማሽኑን ራም አይቶ የዳታ መያዣውን መጠን ለራሱ ይወስናል፤ ሌሎች 19 መኖራቸውን አያውቅም። ራም ሲጨመር የያንዳንዱም ድርሻ ያድጋል። የዋናው ፕሮግራም መጀመሪያ ላይ «ሲስ(3050, 1, 67108864)» እና ይህንኑ በ2 ደግመው ይጻፉ፤ 64 ሜጋባይት መሆኑ ነው፣ 1 መስኮቱ ከፊት ሲሆን 2 ከኋላ ሲሆን። ከዚያ ከባዱን ሪፖርት በ32፣ በ64 እና በ128 ሜጋባይት ሁሉም ሰው በገባበት ሰዓት ለክተው ፈጣኑን ያስቀሩ። ማታ ባዶ ሰርቨር ላይ የተለካ ቁጥር አያገለግልም።